ሙራድ ከወንበሩ ያልተነሳበት ቀን

ሱቄን የዘጋሁት ዓይኔ ስለደከመ ነው። ሬዲዮ የሚያሠራ ሰው ስለጠፋ ነው የሚሉ አሉ፤ ውሸት ነው። እስከ መጨረሻው ሳምንት ድረስ ከመስቃን ገጠር ሬዲዮአቸውን በፌስታል ጠቅልለው የሚመጡ ሽማግሌዎች ነበሩ። ነገር ግን ቀጭኑን ሽቦ ከወፍራሙ መለየት ሲያቅተኝ፣ ካውያውም ከሚያቀልጠው ሊድ ይልቅ ጣቴን ሲያገኘው፣ ይብቃ አልኩ። ልጆቼ ደስ አላቸው። እኔ ደስ አላለኝም፤ ግን ዘጋሁት።

አሁን ቡታጅራ ቤቴ በር ላይ እቀመጣለሁ። የሚያልፈው ሁሉ ይጠይቀኛል።

«ጋሽ ወልዴ፣ ከሠራኸው ሁሉ የማትረሳው የትኛው ነው?»

«አውሮፕላን» እላለሁ።

ይስቃሉ። አረጀ፣ ቀባጠረ ብለው ያልፋሉ። እንግዲህ ይሄንን የጻፍኩት ለእነሱ ነው። ትምህርቴ ፊደል ከመቁጠር ብዙ አላለፈም። ልጄ «አንተ ንገረኝ፣ እኔ ልጻፍልህ» ብላኝ ነበር፤ እምቢ አልኳት። እሷ ከጻፈችው ታሳምረዋለች። ካሳመረችው ደግሞ የኔ አይሆንም።

ወደ ሥራው የገባሁት ደርግ በወደቀ በዓመቱ ነው። ከዚያ በፊት ጭነት መኪና ላይ ረዳት ነበርኩ፤ ሸክምም ተሸክሜያለሁ። ጎልማሳ ሆኜ ነው ሥራ ልማር ሐጂ ሸምሱ ጋ የሄድኩት። ሐጂ ቡታጅራ ገበያ አጠገብ ከአንድ በር ሱቅ ውስጥ ሬዲዮና ቴፕ ይጠግን ነበር። ነጭ ቆብ ያደርጋል፣ ብዙ አይናገርም። የፈታውን ብሎን የሚያስቀምጠው ከተበላሸ ስፒከር በወጣ ማግኔት ላይ ነው፤ ጠረጴዛው ቢገለበጥ እንኳ ብሎን አይጠፋበትም። ክፍያዬ መጀመሪያ ምሳ ብቻ ነበር፤ ኋላ ተሻሻለ።

ሐጂ የተበላሸ ሬዲዮ ሲመጣለት አይነካውም። «አንተው ክፈተው» ይለዋል ባለቤቱን። ሰውየው ሲከፍት ሐጂ ሬዲዮውን አያይም፣ የሰውየውን እጅ ነው የሚያየው። ቁልፉን እየተጫነ ነው የሚያዞረው? በየትኛው ጎኑ ይይዘዋል? ከዚያ ነው ሬዲዮውን የሚፈታው። አንዳንዴም ሳይፈታው ይመልሰዋል።

ሁለተኛው ልማዱ ይሄ ነው። ጠግኖ ሲጨርስ ኮረንቲ ከመስጠቱ በፊት ድምፁን ከፍ አድርጎ «እጅ ይነሳ!» ይላል። ጠረጴዛው ላይ የተደገፈ ሰው ሁሉ እጁን ያነሳል። እኔ፣ ባለቤቱ፣ ለወሬ የመጣው ጎረቤት፣ ሁላችንም እጃችንን እንደተማረከ ወታደር ወደ ላይ እናደርጋለን። ከዚያ በኋላ ነው ማብሪያውን የሚነካው። ባትሪ ድንጋይ ለሚበላ ትንሽ ሬዲዮ እንኳ «እጅ ይነሳ!» ነው።

«ሐጂ፣ ይሄ እኮ ሰው አይገድልም» አልኩት አንድ ቀን።

«ዕቃው ሲነቃ ማንም እንዲይዘው አልፈልግም። አንተ ከእንቅልፍህ ስትነቃ ሰው እጅህን ጠምዝዞ ይዞህ ብታገኘው ደስ ይልሃል?»

የሽማግሌ ነገር ነው ብዬ ተውኩት።

ቀጥሎ ወልቂጤ ሄድኩ። እዚያ አሠሪዬ ትልቅ ሱቅ ያለው ሰው ነበር፤ የመጣውን ዕቃ ሁሉ «ተቃጥሏል፣ አይሠራም» በልና አዲስ እንዲገዙ አድርግ ይለኝ ነበር። አንድ ቀን ከእምድብር አንዲት ሴት ሬዲዮ ይዛ መጣች።

«እኔ ስይዘው ያወራል፣ ሳስቀምጠው ዝም ይላል» አለች። «ባሌ እኔን ወዶኝ ነው እያለ ይቀልድብኛል።»

አሠሪዬ በዓይኑ ጠቀሰኝ፤ ተቃጥሏል በላት ማለቱ ነው። እኔ «እስቲ ያዢው» አልኳት። እንደ ሐጂ እጇን አየሁ። አውራ ጣቷ የተሰበረውን አንቴና ሥር እየነካ ነው። ለካ አንቴናው እሷ ራሷ ናት! አንዲት ሽቦ ቀጠልኩለት፣ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩት፣ ለብቻው አወራ። ሴትየዋ «አሁን ለባሌ ምን ልበለው?» ብላ ሳቀች። አሠሪዬ ግን አልሳቀም። እኔም እዚያ ብዙ አልቆየሁም። ቪዲዮ ቤቶች ካሴት ማጫወቻ ዴካቸውን ከድምፅ ማጉያ የሚያገናኙበትን ገመድ እየሠራሁ ከሰው በረንዳ ላይ ራሴን ችዬ ኖርኩ። ገመድ ላይ እጄ የተፈታው ያኔ ነው። ሐጂ ሲደክም ደግሞ «ና፣ ሱቁን ያዝልኝ» ብሎ ላከብኝ፣ ወደ ቡታጅራ ተመለስኩ።

ሙራድን የማውቀው እዚህ ነው። ሙራድ ሠርግ የሚቀርጽ ልጅ ነው። ልጅ ስለው ሚስትና ልጆች ያሉት ሰው ነው፤ ለኔ ልጅ ነው። ቡታጅራ ውስጥ በዚያ ዘመን የተዳረ ሰው ሁሉ ካሴቱ የሙራድ ነው። ሚሊኒየሙ ካለፈ ከጥቂት ዓመት በኋላ በሆሳዕና መንገድ የተሳፈረበት ባጃጅ ተገለበጠ። ነፍሱ ተረፈች፣ ግራ እጁ ግን ከክርኑ በታች አልታዘዝ አለ። ትልቁን ካሜራ በአንድ እጁ ሊይዝ ሞከረ፤ ምስሉ ይንቀጠቀጣል፤ ሙሽሮቹ እንደ ሰከረ ሰው ይወዛወዛሉ። ሰው መጥራት ተወ። ሲያገኙት «አይዞህ» ይሉታል። እሱ ደግሞ ከምንም በላይ የሚጠላው ያንን ቃል ነው።

የሚስቱ ወንድም ነስሩ መርካቶ ነጋዴ ነው። አንድ ቀን ካርቶን ይዞለት መጣ። ውስጡ ክንፉ የክንድ ያህል የሆነ፣ ቴሌቪዥን ሲታሸግ ከሚደረግበት ነጭ ፎም የተሠራ አውሮፕላን አለ። ሆዱ ላይ የክብሪት ሳጥን የምታህል ካሜራ ተገጥማለች።

«ሠርጉን ከላይ ሆነህ ትቀርጻለህ» አለው ነስሩ። «እዚህ አገር ማንም የለውም።»

ሪሞቱን ሲያወጡት ሁለት ዱላ አለው፤ አንዱ ለቀኝ እጅ፣ አንዱ ለግራ እጅ። ነስሩ ያንን አላሰበም ነበር። ሁላችንም ሪሞቱን ዓይን ዓይኑን አየነው።

«እንግዲህ ሙራዴ» አለ ነስሩ ሪሞቱን ወደ ካርቶኑ እየመለሰ፣ «መላ ካገኘህለት እሰየው። እስከ ጥር ሠርግ ካልሆነ ግን እኔ ጋ መርካቶ ትመጣለህ። ሱቁ በር ላይ ወንበር አለ፤ ቁጭ ብለህ ገቢ ወጪውን ታያለህ፣ ምሳህን ትበላለህ።»

ሰውየው ክፉ አልነበረም። ከልቡ ነው የተናገረው። ሲሄድ ግን ሙራድ ወደኔ ዞሮ «ጋሽ ወልዴ፣ የሰው በር ላይ እንደ ድመት ልቀመጥ ነው?» አለኝ።

መላውን ያገኘው ራሱ ሙራድ ነው። ሠርግ የሚያቀናብርበት ላፕቶፕ አለው። የአውሮፕላን ጌም የሚጫወቱበት ጆይስቲክ የሚባል ዱላ ከመርካቶ አስመጣ፤ በአንድ እጅ ይያዛል። ወደ ጎን ስታጋድለው አውሮፕላኑ ያጋድላል፣ ወደ ራስህ ስትስበው ሽቅብ ይወጣል። የሞተሩ መክፈቻ ዱላው ሥር ያለች ትንሽ ጆሮ ናት፤ እሷን ሙራድ በሰነፈው እጁ ጀርባ ገፋ ያደርጋታል። የዱላውን እንቅስቃሴ ወደ ድምፅ የሚለውጥ ፕሮግራምም ከሆነ ቦታ አገኘ።

«ወደ ድምፅ?» አልኩት።

«አዎ። ድምፁ በጆሮ ማዳመጫው ቀዳዳ ይወጣል። ሪሞቱ ጀርባ ላይ ደግሞ ቀዳዳ አለች፤ ለማጅና አስተማሪ ሁለት ሪሞት በገመድ የሚያገናኙባት። ድምፁን እዚያ ብናስገባ ሪሞቱ ለማጅ የነካው ይመስለዋል። ገመዱን የሚሸጥ ግን አጣሁ።»

ሳቄ መጣ። ይሄማ የወልቂጤ ሥራዬ ነው! ቴፕን ከማጉያ እንደማገናኘት ነው። ገመዱን ሠራሁ። መጀመሪያ ድምፁን በስፒከር ሰማሁት፤ እንደ ንብ ቀፎ ያጉረመርማል። ሙራድ ዱላውን ሲያንቀሳቅስ ጉርምርምታው ትንሽ ይለወጣል፣ ለጆሮ ለመለየት ግን ያስቸግራል። ድምፁ ካነሰ ሪሞቱ አይሰማውም፣ ከበዛ ይደናገራል። ልኩን አገኘንለት። አንድ ቀን ሱቅ ውስጥ እየሞከርነው ላፕቶፑ ውስጥ የነበረ የሠርግ ዘፈን በድንገት ተከፈተ። የአውሮፕላኑ ጭራና ክንፍ በዘፈኑ እስክስታ ወረደ። በሳቅ ሞትን። ከዚያ ወዲህ ሙራድ ላፕቶፑን ከዚያች ጉርምርምታ በቀር ሌላ ድምፅ እንዳያወጣ አደረገው።

ከከተማው የጸጥታ ክፍል አንድ ሰው መጥቶ «ይሄ ነገር ወረቀት አለው?» አለን። ወረቀት ለማግኘት ስንመላለስ ኅዳር ገባ። እሱን አልተርክም፤ ወረቀት ያወጣ ሁሉ ያውቀዋል።

የመጀመሪያው ቀን ከከተማው ወጣ ካለ ሜዳ ላይ ነበር። ጠረጴዛውን፣ ወንበሮችንና ላፕቶፑን በጋሪ አመጣን። ፀሐይ ስክሪኑን እንዳያጠፋው ጃንጥላ ዘረጋሁ። ነስሩም ከአዲስ አበባ መጥቷል። የሜዳው ዳር ወቅቱ ስለሆነ በርበሬ እንዲደርቅ ተሰጥቶበታል፤ ቀይ ምንጣፍ ይመስላል።

ነፋስ ነበር፤ ዕቃው ይንቀጠቀጣል። ሙራድ ጆይስቲኩ እንዳይወድቅ ይዞት ፕሮግራሙን ከፈተ። እኔ አውሮፕላኑን ወረወርኩት። ትንሽ ዘቀጠ፣ ከዚያ ሽቅብ ወጣ። ሄደ! በላያችን ሲዞር ከነስሩ ጋር ቁጭ ብዬ የሙራድን ፊት አየሁት። ከባጃጁ አደጋ ወዲህ እንዲያ ያለ ፊት አላየሁበትም። አፉን ከፍቶ ወደ ላይ ያያል፤ ቀኝ እጁ ዱላው ላይ ቀስ ብላ ትንቀሳቀሳለች።

በዚህ መሃል አንድ ባጃጅ መጥቶ ቆመ። ሐጂ ሸምሱ ነው። ሰው ነግሮት፣ ምርኩዙን ተደግፎ፣ ሊያይ መጣ።

«አሰላሙ ዐለይኩም!»

ሙራድ በሥርዓት ያደገ ልጅ ነው። ሽማግሌ ሲመጣ ቁጭ ብሎ የሚጠብቅ ሰው በእኛ አገር አላደገም። አላሰበበትም፤ አካሉ ነው የተነሳው። «ወዐለይኩም ሰላም፣ ኖር ሐጂ!» ብሎ ብድግ አለና ደህናውን እጁን፣ ያንኑ አንዱን እጁን፣ ለሐጂ ዘረጋ።

እኔም ብድግ ብዬ ነበር። ነስሩም። ሦስታችንም ጎንበስ ብለን እጅ እየነሳን ነው አውሮፕላኑ ወደ ግራ ተጋድሞ አፍንጫውን ወደ መሬት ያዞረው። ሙራድ ዱላውን እስኪይዝ በርበሬው ላይ ወድቆ ነበር።

ቀይ አቧራ ተነሳ። ለማንሳት የሮጥን ሁሉ በማስነጠስ አለቅን። የበርበሬው ባለቤት ወይዘሮ ዘይቱና ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ መጣች።

«ሰማይ ይሄን ያህል ሰፊ ሆኖ፣ ሌላ ቦታ አጥታችሁ ነው በርበሬዬ ላይ?»

የአውሮፕላኑ አፍንጫ ተቆርጧል፣ አንዱ ክንፍ ተሰንጥቋል። ነስሩ አልተቆጣም። የሙራድን ትከሻ መታ መታ አድርጎ «አይዞህ፣ ወንበሩ አለ» አለው።

ካሜራዋ አልተሰበረችም ነበር። ሱቅ ወስደን በላፕቶፑ አየነው። ሜዳው ይታያል፣ በርበሬው ይታያል፣ ትንሿ ጃንጥላችን ትታያለች። ከዚያ ሦስት ሰው ይነሳል፤ አንዱ ነጭ ቆብ ላደረገ ሰው እጁን ይዘረጋል። ከዚያ ሁሉም ነገር ይዞራል፣ ቀዩ እየሰፋ ይመጣል። ሙራድ ደግሞ ደጋግሞ ያየዋል።

«በቃ ጋሽ ወልዴ፣ በቃ» አለኝ። «መርካቶ እሄዳለሁ።»

«የሚገርመኝ» አለ ላፕቶፑን እየዘጋ፣ «ብለቀውስ? ዱላው ስፕሪንግ አለው፤ ሲለቁት መሃል ላይ ይቆማል። አውሮፕላኑም ቀጥ ብሎ መሄድ ነበረበት እንጂ ለምን ይወድቃል?»

እኔ ገመዱ ነው አልኩ። ገመዱ ነው ካልኩ ገመዱ ነው፤ እንዲህ ነኝ። ፈታሁት፣ እንደገና በሊድ አሠርኩት፣ ጫፉ ላይ ያለውን መሰኪያ ጃክ ለወጥኩት። ሙራድ «አይደለም» ይላል፣ እኔ «ነው» እላለሁ። የተቆረጠውን አፍንጫ በኮላ አጣብቀን፣ በቀርከሃ ስንጣቂ ደግፈን አቆምነው። የወደቀበት ምክንያት ግን አልተገኘም። ምክንያቱን ሳላውቅ ደግሜ አልወረውረውም፤ ሙራድም አይጠይቀኝም።

አንድ ቀን ሐጂ ሱቅ መጣ። ወንበር ሰጠነው። ምርኩዙን ጭኑ ላይ አጋድሞ «ያንን ነገር የጣልኩት እኔ ነኝ ይባላል» አለ።

«ኧረ ሐጂ፣ እንዴት ሆኖ!» አለ ሙራድ። «እርስዎ ሲመጡ ቁጭ ልበል?»

«እስቲ አሳየኝ፣ እንዴት ነው የምትነዳው?»

ሙራድ ላፕቶፑን አቀረበ። ጆይስቲኩን ያዘ፣ በሌላው እጁ ጀርባ የፕሮግራሙን መክፈቻ ነካ ሲያደርግ፣ ሐጂ፣ ከልማዱ፣ ሳያስበው፣ ድሮ ገበያው ዳር በሚጮኸው ድምፁ፦

«እጅ ይነሳ!»

ሁለታችንም እጃችንን አነሳን። እኔ እንኳ ካውያውን ጥዬ ነው ያነሳሁት። ፕሮግራሙ ተከፈተ። ስክሪኑ ላይ ዱላው የት እንዳለ የምታሳይ ትንሽ የመደመር ምልክት አለች፤ ትክክል መሃል ላይ ቆመች። ሙራድ ዱላውን ያዘ። ምልክቷ ትንሽ ወደ ቀኝና ወደ ኋላ ሸሸች።

ሙራድ ዓይኑን አፈጠጠ። ለቀቀው፤ መሃል ገባች። ያዘው፤ ሸሸች።

«ክብደቴ ነው» አለ ቀስ ብሎ። «ስይዘው ሳላውቀው ተደግፌው ነው የምይዘው።»

አሁን ገባን። ፕሮግራሙ ሲነቃ ዱላውን ያገኘበትን ቦታ መሃል ነው ብሎ ይወስደዋል። ሜዳው ላይ ሲነቃ ሙራድ ተደግፎት ነበር፤ ያ የተደገፈው ቦታ መሃል ሆነ። እንደያዘው በበረረ ጊዜ ምንም አልታወቀም። ሲለቀው ግን ዱላው ወደ እውነተኛው መሃሉ ተመለሰ፤ ፕሮግራሙ ደግሞ ወደ ግራና ወደ ታች የተገፋ መሰለው።

«ገመዱ አልነበረም እንግዲህ» አለኝ ሙራድ።

«ገመዱም ቢሆን ደካማ ነበር» አልኩ። ሐጂ ሳቀ።

ከዚያ በኋላ ፕሮግራሙ ሲከፈት እጅ ይነሳል። ሜዳ ወጥተን ሞከርነው፤ ሙራድ ከፍ ብሎ ሲበር ዱላውን ለቀቀ፣ አውሮፕላኑ መንገዱን ይዞ ቀጥ ብሎ ሄደ። ሠርግ ላይ ግን ሌላ ነው። ድንኳን አለ፣ ባሕር ዛፍ አለ፣ ዝቅ ብሎ ነው የሚበረው። እዚያ ከለቀቀው ቀጥ ብሎ ሄዶ ግንድ ይመታል። ስለዚህ ሙራድ እስኪያሳርፍ ድረስ ማንም ቢመጣ መነሳት የለበትም። በአፍ ቀላል ነው።

ሠርጉ የአንድ በርበሬ ነጋዴ ልጅ ሠርግ ነበር፤ ጥር ላይ፣ ሰዉ እንደ አሸዋ። ነስሩም ከተጋባዦቹ አንዱ ነው። ሙራድ ከድንኳኑ ጎን ጠረጴዛው ላይ ተቀመጠ። «እጅ ይነሳ!» አልኩ። አነሳ። ከፈተ። ወረወርኩ። ከዚያ ሙራድ ፊት ለፊት ሄጄ ቆምኩ።

የዚያን ቀን ሥራዬ ሬዲዮ አልነበረም፣ ገመድም አልነበረም። ሰላም የሚለው ሰው ሁሉ ሲመጣ ከፊቱ ቀድሜ እጄን እዘረጋለሁ።

«የሙራድን ሰላምታ ለኔ ስጠኝ።»

«ምን ሆኗል?»

«እጁን አበድሮታል» እላለሁ፣ ወደ ሰማይ እያሳየሁ።

አንዳንዱ ይስቃል። አንዳንዱ ይቀየማል። አንድ ሽማግሌ «ይሄ ማን አሳድጎት ነው የማይነሳው?» ብለው አለፉ። የሙራድ ጆሮ ቀላ፤ ዓይኑ ግን ከሰማይ አልወረደም። የሙሽሪት አባት ራሳቸው ሲመጡ የሙራድ ወንበር ሲንቋቋ ሰማሁት። «ቁጭ በል» አልኩት በጥርሴ። ለእሳቸው በሁለት እጄ ጨብጬ ጉልበታቸው ድረስ ጎንበስ አልኩላቸው። በዕድሜዬ እንደዚያ ቀን ብዙ ሰው ጨብጬ አላውቅም።

ከዚያ ሐጂ መጣ።

ምርኩዙን እየተደገፈ፣ ሰዉ መንገድ እየለቀቀለት። እኔ እጄን ዘረጋሁ። ሐጂ አልሰጠኝም። በጎኔ አልፎ ወደ ሙራድ ሄደ። የሙራድ ትከሻ ሽቅብ መነሳት ጀመረ፤ ሰውነቱ ራሱ ነው የሚነሳው። አውሮፕላኑ በዛፎቹ መሃል ዝቅ ብሏል። ነስሩ ከድንኳኑ በር ላይ ቆሞ ያያል።

ሐጂ መዳፉን የሙራድ ትከሻ ላይ አድርጎ ወደ ታች ተጫነው። እሱ ራሱ ቆመ። ወንበር ብናቀርብለት በእጁ መለሰው። በምርኩዙ ተደግፎ፣ ሙራድ አውሮፕላኑን ሙሽሮቹ ላይ አዙሮ፣ ዘፋኞቹን፣ ፈረሶቹን፣ ሰዉን ሁሉ ቀርጾ እስኪጨርስ ድረስ ቆሞ ጠበቀው።

አውሮፕላኑ ሣሩ ላይ በሆዱ ተንሸራትቶ ቆመ። ሙራድ ሞተሩን ዘጋ፣ ዱላውን ለቀቀ።

ሐጂ መዳፉን ከትከሻው ላይ አነሳ።

«አሁን ተነሳ» አለው። «አሁን ሰላም በለኝ።»

ሙራድ ተነስቶ ተጠመጠመበት።

በማግስቱ ነስሩ ወደ መርካቶ ብቻውን ተመለሰ።